አባቴ አለ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበር። ይታገሱ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ ግን ተማሪዎቹን ጠይቁ። ልምምድ ላይ አንድ ሰው ካሳለ እንኳ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል።

ግጥም በቃል የማቅረብ ውድድር ሊካሄድ አንድ ወር ሲቀረው ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ግጥም ተላከ። ከየትምህርት ቤቱ የሚወጣው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። መምህር ይታገሱ አራት ልጆች መረጠና ልምምዱ ተጀመረ። ግጥሙ ስለ አንድ እንግዳ ተቀባይ አባት ነው፤ ልጁ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

በራችን ተከፍቷል መብራቱም ይበራል
አባቴ አለ ግቡ ለሁሉም ይበቃል

መካከል ላይ አባትየው ይሞታል። ይቀበራል፣ ለቅሶው ያበቃል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ከዚያ እነዚያው ሁለት መስመሮች አንድ ፊደል ሳይለወጥባቸው ይመለሱና ግጥሙ ያልቃል።

መምህሩ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ሞላው። እዚህ እጅ ይነሳል፣ እዚህ አንገት ይደፋል፣ እዚህ ወደ ዳኞቹ ይታያል። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አጠገብ ግን «እንደ መጀመሪያው፣ ጮክ ተብሎ» ብሎ ብቻ አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ኪሩቤልን መረጠ። ኪሩቤል ሜዳ ላይ ኳስ አቀብሉኝ ሲል ድምፁ አስተዳደር ቢሮ የሚሰማ ልጅ ነው። እድላዊት ተጠባባቂ ሆነች። ይህቺ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ ትሞክራለች፤ በየዓመቱም ድምፅሽ ቀጭን ነው እየተባለች ተጠባባቂ ትሆናለች። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሌላ ዓመት የላትም፤ ነገሩ አንጀቷን አሳርሯታል።

ተጠባባቂ ሥራ የለውምና ጥግ ተቀምጣ ወረቀቱን ደጋግማ ታነብ ጀመር። ውድድሩ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ነገር ታያት። የዚያን ቀን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ብትናገር ኪሩቤል በዚያ ድምፁ ይዞት እንደሚወጣ ታውቃለች። ዝም ብትል ደግሞ ያን የመሰለ ግጥም ተበላሽቶ ሊቀርብ ነው። በማግስቱ አላስቻላትም፤ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ‹አለ› የሚለው ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። ይላላል አላት፤ አባትየው ግቡ ብሎ ተናገረ ማለት ነው፣ ሁለቱም ቦታ ያው ነው፣ አሁን ደግሞ የጥያቄ ጊዜ አይደለም።

«መጨረሻው ላይ እኮ አባትየው ሞቷል» አለች እድላዊት። «የሞተ ሰው እንዴት ግቡ ይላል? እዚያ ጋ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ልጁ በሩን ከፍቶ፣ አባቴ አለ፣ እዚሁ ነው፣ ግቡ እያለ ነው።»

ወዲያው አንዱ አላልቶ፣ ሌላዋ አጥብቃ ለየራሳቸው ሞከሩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማነብነብ ጀመሩ፣ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዷ ክንዷን እያሳየች ሰውነቴን ወረረኝ ትላለች፣ ሌላው ዴስክ እየደበደበ ይስቃል። አንድ ፊደል ሳይነካ የሞተው ሰውዬ ቤቱ ተመልሶ ነበር።

መምህር ይታገሱ እስክሪብቶውን ከደነው። ወር ሙሉ ሲያስጠና የከረመው ስህተት ነው፤ ያውም በተማሪ ታረመ። ፊቱ ቀላ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ኪሩቤልን እንደገና እንዲሞክር አዘዘው።

አልሆነም። ወር ሙሉ ያላላ ምላስ መጨረሻው ላይ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ይላላል። ኪሩቤል አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥር ጊዜም አባትየውን ከመቃብር ውስጥ አስጮኸው። በመጨረሻ ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ቲቸር፣ እኔ እጮኸው ነበር እንጂ አልገባኝም» አለ። «የገባት ትሂድ።»

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አሥራ አንዱ ትምህርት ቤቶች አላልተው ጀምረው አላልተው ጨረሱ። እጅ ተወራጨ፣ ድምፅ አስተጋባ፣ ተጨበጨበ። እድላዊት ስትወጣ ድምፅዋ ያው ቀጭን ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ለመስማት ወደፊት ተጠጉ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ «አባቴ» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ረጋ ብላ አጠበቀችው። ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበ። የኪሩቤል ድምፅም ለካ ለዚህ ቀን ነበር የተፈጠረው፤ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ዋናዋ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። እድላዊት ወደ መምህሯ ጠቆመች። ዝም ብሎ ምስጋናውን ቢቀበል የሚያጋልጠው አልነበረም። መምህር ይታገሱ ግን ተነስቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ያስተማርኳት ማላላቱን ነበር» አለ። «ማጥበቁን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

እድላዊት አንደኛ ወጣች። ለእኔ ግን የዚያን ቀን ሦስት ሰዎች አሸንፈዋል፤ ያወቀችውን ያልደበቀችው፣ ቦታውን የለቀቀውና በሰው ፊት ተሳስቼ ነበር ያለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ያን የሚያገኘው የሚጠይቅ ሰው ነው። ነገርን በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ ያልገባንን በቃላችን ስንይዝ ግን ስህተቱንም አብረን እንይዘዋለን። ስለዚህ አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ሰዓታችንን አንይ።

እናንተስ፣ ለዓመታት በቃላችሁ ስትሉት የኖራችሁት፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ማለት ነው ብላችሁ ያልጠየቃችሁት ነገር የትኛው ነው?