የወንድ ክንድ

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ጣሳ በሲሚንቶ እየሞላች ክብደት ማንሳት የተለማመደች፣ ምላሷም ልጓም የማያውቅ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ነበረች። በሴቶች ውድድር አንደኛ ወጣችና ሜዳልያዋን ልትቀበል መድረክ ላይ ቆመች። የክብር እንግዳው የከተማው ባለጸጋ አቶ ጉልላት ግን ትከሻዋን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። ማይክሮፎኑን ያዙና፣

«ሴት ልጅ ስትባል አንገቷ መቃ፣ ጣቷ አለንጋ፣ ተረከዟ ሎሚ ነው። ይህችን እንግዲህ ምን እንበላት?» አሉ።

ልጅቱ ውስጧ ቢያርም ፈገግ አለች። «ጌታዬ፣ መቃ፣ አለንጋና ሎሚ ፈልገው ከሆነ ገበያው ከአዳራሹ ጀርባ ነው። እዚህ የምናነሳው ብረት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ጉልላት ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«ስሚ! ይህ የወንድ ክንድ ነው፤ ሽልማቱ ደግሞ የሴት ነው። የወንድ አይደለም ብለሽ ካላሳመንሽኝ ሜዳልያውንም ወደ ክልሉ ውድድር የማለፍ ዕድሉንም ለሁለተኛዋ እሰጣለሁ!»

ልጅቱ ዳኞቹን ብታያቸው ሁሉም አቀርቅረዋል። የሚያግዛት እንደሌለ ገባት። ክንዷን ወደ አቶ ጉልላት ዘረጋችና እጅ ነሳች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ የወንድ ክንድ ነው። ወድቆ አግኝቼው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ብዬ ነው የያዝኩት። ቅድም ሁለት ሰው ደግፎ ከወንበር ሲያነሳዎ ሳይ ግን የማን እንደሆነ አወቅሁ። በሉ፣ ሜዳልያዬን ይስጡኝና ክንድዎን ይረከቡኝ።»

አቶ ጉልላት ሜዳልያውን ቶሎ አጠለቁላት። ክንዱን ግን አልተረከቡም።