የውሰት ቅኔ

ሰው ለልጁም ለሹሙም የሚጠቅሳት አንዲት ተረት አለች፤ ከመነሻዋ አንድ ብቸኛ ሰው መኖሩን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ይኄይስ በገባ በሁለተኛው ዓመት ከቅኔ ቤት ኮበለለ። ባዶ እጁን መመለስ ቢያሳፍረው ስድስት ክንድ ነጭ ሻሽ እንደ ሊቃውንቱ ጠምጥሞ አገሩ ገባ። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ተክለ ሃና ጥምጥሙን አይተው፣ "የኛ ልጅ ተምሮ መጣ!" አሉና ሳይጠይቁ ሳይፈትኑ መሪጌታ አደረጉት። ዓይነ ስውሩን የቅኔ ሊቅ የኔታ ወልደ ሰንበትን ግን፣ አሮጌ ኩታ ተከናንበው ደጀ ሰላም ስለሚውሉ፣ ያሰባቸው አልነበረም።

የኔታ የልጁን ባዶነት በድምፁ ብቻ ለዩት። አላጋለጡትም። እንዲያውም ለበዓሉም ለቀብሩም ቅኔውን እየሠሩ ያስጠኑት ነበር።

"ልጄ፣ ከሥሩ ጀምረህ ተማር፤ እኔ አለሁልህ" ይሉታል።

"መሪጌታ ሆኜ ከቆሎ ተማሪ ጋር ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል፣ የኔታ!"

ሹመቱ ከሰው ለየው። ካህናቱ የመጽሐፍ ምሥጢር ሲያነሡ፣ እንዳይጠይቁት ሰበብ ፈልጎ ይነሣል። በየድግሱም ከፍ ያለው መደብ ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ሳይፈራ የሚያወራው እውነቱን ከሚያውቁት ከየኔታ ጋር ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት የኔታ ሞቱ። ለሟች አዲስ ቅኔ መቀኘት ወግ ነውና ቀባሪው ሁሉ ወደ መሪጌታው ተመለከተ። ይኄይስ ያንን አንድ ወዳጁን በገዛ ቃሉ ቢሸኝ ምንኛ በወደደ! ቃል ከየት ይምጣ? ቢጨንቀው አምና በግራዝማች ደምለው ቀብር ላይ የኔታ ያስጠኑትን ቅኔ አንበለበለው። የሟቹን ስም መለወጥ እንኳ ዘነጋ።

የግራዝማች ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ ግዕዝ ባያውቁም የባላቸውን ስም ሁለት ጊዜ ሰሙ።

"ኧረ መሪጌታ! ባለቤቴን ስንት ጊዜ ነው የሚቀብሩብኝ?"

ለቀስተኛው በለቅሶ መሐል ሳቀ። ይኄይስ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተንበርክኮ፣ "ይሄም የሳቸው ነው፤ ሁሉም የሳቸው ነበር። እኔ አንድም አላውቅም" እያለ ተንሰቀሰቀ። አይዞህ የሚለው ሰው ጠፋ፤ አይዞህ ይሉት የነበሩት ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፣ ያውም በሌላ ሰው ስም ተሸኝተው።

አፈሩ ተመልሶ ሰው ሲበተን አለቃ ተክለ ሃና ብቻ ቀሩ። ክንዱን ይዘው አነሡትና፣ "ሻሽህን አይቼ የሾምኩህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ቢሆንም ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አሉት።