ሥራ የፈቱት ሰባት ኮሮች

አቶ መንበሩ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ ለመሥሪያ ቤታቸው ባለ ስምንት ኮር፣ ማለትም ስምንት የማስሊያ አንጎል ያለው፣ ሰርቨር አስገዝተው፣ "ስምንት ሠራተኛ በአንድ ሳጥን" እያሉ በየስብሰባው ይኮሩበት ነበር። አንድ ቀን ግን የሚሠራው አንዱ ኮር ብቻ መሆኑን ሰሙ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው የኮምፒውተር ባለሙያዋን አስነሷት።

"ሰባቱን ማን ነው ሥራ ያስፈታቸው?"

"ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ሲጫን በአንድ ኮር ብቻ እንዲነሳ ታዟል፣ አቶ መንበሩ። አንድ የትእዛዝ መስመር ሰርዞ ሰርቨሩን አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ግን ያለ እርስዎ ፊርማ ሰርቨር አይጠፋም።"

"ሰበብ አልፈልግም። ለጥፋተኛው ማስጠንቀቂያ አምጪ፤ እዚሁ እፈርማለሁ።"

ባለሙያዋ ቢሯቸው ደርሳ አንድ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ሳያነቡ ፈረሙ። እሷም ሄዳ መስመሩን ሰርዛ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው፤ ስምንቱም ኮሮች ሥራ ጀመሩ።

"ለመሆኑ ማስጠንቀቂያው ለማን ደረሰ?" አሏት ስትመለስ።

"የፈረሙት ሰርቨሩን ላጥፋ ብዬ ፈቃድ የጠየቅሁበትን ደብዳቤ ነው። ጠረጴዛዎ ላይ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነበር፤ ቅጣት ሲመስልዎ ግን አንድ ደቂቃም አልፈጀብዎ። ከእንግዲህ ፈቃድ ስንፈልግ ቅጣት ነው ብለን እናመጣልዎታለን።"