ብርጌድ ያቆመው ቃል

ምላሱ የሰላ አንድ ጎሚስታ ተማሪዎች የሚያመላልስበት አሮጌ ሚኒባስ ሊገዛ ወደ ጡረተኛው ኮሎኔል ጥላዬ ግቢ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን ያንኑ ዓይነት ሚኒባስ ያላቸውን ሰዎች እየዞረ ጠይቆ ነበር። ሦስት ባለንብረቶች፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት አቤቱታ ነገሩት፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የሰዎችን ልጆች ጭኖ ገደል መግባት አልፈለገም።

ስለዚህ ቀለሙንም ወንበሩንም ሳያይ፣ "ጌታዬ፣ ይህ ዓይነት ሚኒባስ ያላቸው ሰዎች በፍሬኑ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ መካኒክ ፈቶ ይይልኝ" አለ።

ኮሎኔሉ ለውሉ ምስክርነት በተጠሩት ሽማግሌዎች ፊት ደማቸው ፈላ።

"የሾፌር አሉባልታ ይዘህ ነው እኔን የምትፈትሸኝ? የእኔ ቃል እኮ አንድ ብርጌድ ጦር ቀጥ አድርጎ ያቆመ ቃል ነው! ፍሬኑ ደህና ነው ብያለሁ። ወይ ፈርም፣ ወይ በእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት ውሸታም ነህ በለኝ!"

ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ጌታዬ! ቃልዎንማ አምኛለሁ። እንግዲያው እኔ ሚኒባሱን ደጅዎ ካለው ዳገት አናት ቁልቁል ልልቀቀው፤ እርስዎ ከግርጌው መንገዱ መሃል ቆመው 'ቁም!' ይበሉት። ብርጌድ ያቆመ ቃል አንድ ሚኒባስ አያቅተውም። ምናልባት እምቢ ካለዎትም ችግር የለም፤ ለውሉ የመጡት ምስክሮች ለኑዛዜዎ ይፈርማሉ።"

ኮሎኔሉ ቁልቁለቱን ለአፍታ አሻግረው አዩት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መካኒክህ የት ነው ያለው?" አሉ።