የአህያ ጋሪና የቀበሮ ሞራ

«አንድ ጊዜ ልምታው፤ ካልተላቀቀ እተወዋለሁ» አለ አህያ ለራሱ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ሲል ነበር። መዶሻውን አነሳና መታው። የዛገው ብሎን ንቅንቅ አለ። አህያ መዶሻውን አስቀምጦ ተነፈሰ።

ብሎኑ የጋሪዋ ነው። ጋሪዋ ትንሽ ናት፤ አራት ጎማ አላት። ፔዳሏ ሲረገጥ ካቴናዋ ባለ ጥርሱን ብረት ይስበዋል፤ እሱ ደግሞ ጎማውን ያዞረዋል። የዱር አውሬ ሁሉ ጨውና እህሉን ከገበያ የሚያመጣው በእሷ ነበር። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ ወሰዳት። ውሃው ሲጎድል ሾላ ሥር ተገኘች፤ ግማሽ ጎኗ በደለል ተቀብሯል፣ ካቴናዋ ደርቆ ተገትሯል፣ ጎማዋን የሚያሾረው ኩሽኔታም አሸዋ ጎርሷል።

ከዚያ ወዲህ ጨውም እህልም አህያ ጀርባ ላይ ወጣ። ከጨውና ከእህሉ በላይ ደግሞ ቀበሮ ይወጣል። «የንጉሥ መልእክተኛ በእግሩ አይሄድም» ይላል።

አህያ ብዙ አይናገርም። የጀርባው ቁስል ሲብስበት ግን ንጉሡ አንበሳ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ጋሪዋን ላድናት» አለ።

«አድናት» አለው አንበሳ። «መስከረም ሲጠባ መጥቼ አያታለሁ። ከሄደች ሸክም ከጀርባህ ይነሳል፤ ማንም አይጫንህም። ካልሄደች ግን ሁለተኛ የጋሪ ወሬ እንዳታነሳብኝ።»

አህያ ሥራውን ያዘ። ካቴናውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ አንጓውን እያጠፈ እየዘረጋ አላቀቀው። የብረቱን ጥርስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ኩሽኔታውን ከፍቶ ውስጡ ያሉትን ድቡልቡል የብረት ብዮች አወጣና አንድ በአንድ አጠባቸው። ጋዙ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ሰኮናውም ተሰነጠቀ። አላፊ አግዳሚው አይቶት ያልፋል። አይዞህ ያለው የለም፣ ውሃ ያቀበለው የለም።

ብረቱ ማብረቅረቅ ሲጀምር ግን ሁሉም መጣ። ቀበሮም መጣ፤ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«ወንድሜ አህያ፣ እጅህ ይባረክ» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «ግን የብረት ቅባትህን፣ ግራሶህን፣ ጎርፍ ወስዶታል አይደል? ያልተቀባ ብረት በዚህ ክረምት አይሰነብትም። ይኸው፣ የሰባ በሬ ሞራ አመጣሁልህ። እሱን ቀባው። ነገ እኔን ገበያ ስታደርስ ደግሞ ዕቃህ ሜዳ ላይ ብቻውን አይቀርም፤ አያ ጅቦ ይጠብቅልሃል።»

«እኔ ዓይኔን አልነቅልም» አለ ጅብ። ዓይኑ ገና ድሮ ሞራው ላይ ነበር።

የአህያ ጆሮ ቀጥ አለ። ሞራ ለጅብ አደራ እንደማይሰጥ ውርንጭላም ያውቃል። እምቢታው ጉሮሮው ድረስ መጣ። አውሬው ሁሉ ግን «ቀበሮ ደግ ነው፣ ጅብም ጎረቤት ነው» እያለ ያየዋል። ስጦታ በሸንጎ ፊት እንዴት ይመለሳል? ጎረቤትንስ ፊት ለፊት አላምንህም እንዴት ይሉታል? ይሉኝታ ያዘው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ጆሮው ወደቀ።

ገበያው አድሮ መመለሻ ነው። በማግስቱ ብረቱን ሞራ ቀብቶ፣ በሸራ ሸፍኖ ለጅብ ተወና ቀበሮን ተሸክሞ ወጣ።

«ረጋ በል እንጂ፤ ወገቤን አመመኝ» አለ ቀበሮ ዳገቱ ላይ።

«ጋሪዋ ስትነሳ ይመችሃል።»

«ምኑ ይመቸኛል? ጋሪ ፔዳል አላት፤ ፔዳል ደግሞ ይረገጣል። አንተ ትሻለኛለህ፤ ራስህ ትሄዳለህ።»

አህያ ቆመ። ሞራውም የጅብ ጥበቃም ለምን እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው።

«ምነው ቆምክ? ቀልዴን ነው» አለ ቀበሮ፤ በተረከዙም ጎኑን ነካ አደረገው። የንጉሥ መልእክተኛ ጀርባው ላይ ነውና አህያ መንገዱን ቀጠለ።

ሲመለሱ አህያ ጭነቱን ሳያራግፍ ወደ ዕቃው ሮጠ። ሸራውን ገለጠ። ካቴናው በምራቅ ርሶ እንደገና በዝገት ቀልቷል። ጥርሱም እንዲሁ። ኩሽኔታው ባዶ ነው፤ አንድ ብይ የለም። ጅብ አጠገቡ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል።

«ማን ነካው?» አለ አህያ።

«ዝናብ ነው።»

«ዝናብ ብይ ይበላል?»

«የዘንድሮ ዝናብ ክፉ ነው» አለ ጅብ፤ ፊቱንም አዞረ። ሲገላበጥ ከሆዱ አንድ ነገር ቅጭል አለ። አህያ ሰማው። ወደ አንበሳም አቀና።

ሸንጎው ተሰበሰበ። መጀመሪያ የተነሳው ቀበሮ ነው።

«ጌታዬ፣ እኛ ሞራም ሰጠን፣ ጠባቂም አቆምን። ብረቱ ያው ዛገ። አህያ የተፈጠረው ለሸክም ነው፤ የማይሆን ነገር ምን ያደርግለታል?»

«እውነቱን ነው» አሉ ቀበሮን ደግ ነው ያሉት እነዚያው አውሬዎች።

አህያ ወደ መሀል ወጣ። 

«ስሠራ አንዳችሁም አላገዛችሁኝም» አለ። «ሲበላሽ ሁላችሁም ፈራጅ ሆናችሁ። የዛቅኩት ጭቃ፣ ያሸተትኩት ጋዝ የኔ ነው፤ ጨው የሚበላው ግን ሁላችሁም ናችሁ። ብረቱ በራሱ ዝጎ ከሆነ እሸከማለሁ፣ እስክሞት። ተልሶ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቁና አልሸከምም። አያ ጅቦ ይነሳና ይራመድ።»

«ለምን እራመዳለሁ? ጠግቤያለሁ» አለ ጅብ።

«በምን ጠገብክ?» አለ አንበሳ።

ጅብ አሰበ። «በዝናብ» አለ።

«ተነስ።»

ተነሳ። ገና ሲራመድ ሆዱ ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል አለ። ሸንጎው ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠ።

«ብቻዬን ነኝ እንዴ?» አለ ጅብ ተቆጥቶ። «ቀበሮ ነው ‹ብትልሰው ማን ያውቅብሃል› ያለኝ። ብዮቹም ሞራ ተቀብተው ቅልጥም መሰሉኝ።»

ቀበሮ ሰማይ ሰማይ አየ።

«ቀበሮ» አለ አንበሳ፣ «ብዮቹ እስኪወጡ ከጅብ ኋላ ኋላ ትሄዳለህ። ትለቅማለህ፣ ታጥባለህ፣ ለአህያ ታስረክባለህ። ዝገቱን ደግሞ ጅብ ራሱ ይፈገፍጋል።»

«በእግሬ?» አለ ቀበሮ።

«በእግርህ። አፍንጫህንም እንዳትይዝ፤ ሁለቱም እጆችህ ለሥራ ይፈለጋሉ።»

መስከረም ሲጠባ ጋሪዋ በሜዳው ላይ ሄደች። አውሬው «እኔ ልቅደም» እያለ ተጋፋ። አህያ ባዶ ጀርባውን ይዞ ዳር ቆመ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ምነው? ነፃ ወጣህ እኮ» አለው አንበሳ።

«ንዴቱ አልወጣልኝም፣ ጌታዬ።»

«በማን ነው የተናደድከው?»

«በጅብ። በቀበሮ። በእነዚህም በሚጋፉት» አለ አህያ። «ያን ዕለት እግዜር ይስጥልኝ ባልኩት አፌም» አለ።

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚህ የምንማረው፣ በአደባባይ እምቢ ማለት የሚያሳፍረው ለአፍታ ሲሆን በይሉኝታ ያልነው እሺ ግን ጀርባችን ላይ ተጭኖ እንደሚከርም ነው» አለው።