ጦጢትና የሞተው እግሯ

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ እንደ ሰው ማሽላ ዘርተው በሚያጭዱበት ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አንዲት ቆላ አገር፣ እመት ጦጢት የምትባል ብልጥ ነበረች። ብልጥ ስላችሁ ደግሞ ጎበዝ እንዳይመስላችሁ! ጎበዝ ሠርቶ ይበላል፤ ብልጥ ሌላው ሲሠራ ይበላል። አንተ እዚያ የተጋደምከው፣ እግርህን ሰብስበህ ስማ፤ የዛሬው ተረት የእግር ተረት ነው።

ጦጢት ሁለት ጎረቤቶች ነበሯት። አንዱ አያ ከርከሮ ነው፤ አንገቱ ደንዳና፣ ልቡ የዋህ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን። ሌላዋ እመት ጃርት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ። የዚያን ዓመት ማሽላው ሲደርስ ሦስቱ ተማክረው ወንፈል ገቡ። ወንፈል ማለት ዛሬ ሁላችን ላንተ፣ ነገ ሁላችን ለእሷ ማለት ነው፤ ጉልበት የተበደረ ጉልበት ይመልሳል።

«መጀመሪያ የእኔ ይታጨድ!» አለች ጦጢት ቀድማ።

«ይሁንልሽ» አሏት፤ ሰው መስላቸው።

የዚያ አገር ማሽላ ረጅም ነው። ከሥሩ ቢጥሉት ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ አገዳው ላይ ወጥቶ የማሽላውን ራስ የሚቀነጥስ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የጦጢት ሥራ ነው። ጦጢት ትቀነጥሳለች፣ ከርከሮ ይሸከማል፣ ጃርት ትከምራለች። የራሷ ማሽላ ላይ ስትወጣ ስትወርድ ብታዩአት! እግሯ አይታይም ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሽላዋ በሙሉ ጎተራ ገባ።

በማግሥቱ ተራው የከርከሮ ነበር። ከርከሮ ሊጠራት ቢመጣ፣ ጦጢት ምንጩ ዳር፣ ሾላው ሥር ተጋድማ ታቃስታለች። ቦታውን መርጣ ነው የተጋደመችው፤ ውሃው በእጅ ይደረስበታል፣ ሾላው አፍ ላይ ይወድቃል።

«ወይ እግሬ! ወይ እግሬ!»

«ምን ሆንሽ፣ እመት ጦጢት?»

«ማታ ከሾላው ወድቄ ግራ እግሬ ሞተ! ከዳሌዬ እስከ ጣቴ ሞተ! ቅበሩት!»

ምስኪን ከርከሮ አለቀሰላት። ሄዶም ማሽላውን ብቻውን ከሥሩ እየጣለ አጨደ፤ ግማሹ ረገፈና ቆቅ ለቀመው። ይህም ሳያንሰው ማታ ማታ የተቆላ ማሽላ ይዞላት ይመጣል። ጦጢት ማሽላውን እየቆረጠመች፣ «አይ ሞኝ! እግሬ ቢሞት ሆዴ መች ሞተ?» እያለች በሆዷ ትስቃለች።

ተራው ለጃርት ደረሰ። ጃርት ትንሿን ልጇን አስከትላ መጣች።

«እመት ጦጢት፣ ግሪሳ ከወንዙ ማዶ ሰፍሯል» አለች። «ዛሬ ነገ ይሻገራል። እንደ አያ ከርከሮ ከሥሩ ልጣለው ብል ግማሹ ይረግፋል፤ ግማሹ ደግሞ ለልጆቼ ክረምቱን አያሻግርልኝም። አንቺ ካልወጣሽልኝ ማን ይወጣልኛል?»

ጦጢት ትንሿን ጃርት አየቻት። ልጅቱ አፏን ከፍታ የጦጢትን ቆሎ ታያለች። የጦጢት ሆድ ባባ፤ እውነቴን ነው፣ ባባ! ግን ምላሷ ከሆዷ ቀደመ።

«ወይ እህቴን! እግሬ ደኅና ቢሆን ኖሮ እንኳን ለአንቺ ለጠላቴም እወጣ ነበር። ምን ላድርግ? ሞቷል፤ ቅበሩት!»

ጃርት አላለቀሰችም። ትንሽ አሰበችና ከርከሮን፣ «ሂድና ወጌሻ አምጣልኝ» አለችው።

የዚያ አገር ወጌሻ እማማ ኤሊ ነበሩ። ስብራት ይጠግናሉ፣ ውልቃት ይመልሳሉ፣ የዞረ ጅማት ያቃናሉ። ጦጢት ስማቸውን ስትሰማ ከት ብላ ልትስቅ ምንም አልቀራት። «እማማ ኤሊ? እሳቸው እዚህ እስኪደርሱ እንኳን ግሪሳው፣ የግሪሳው የልጅ ልጅ ይመጣል!» አለች በሆዷ። ከርከሮ ግን አሮጊቷን በጀርባው ጭኖ እየሮጠ ከተፍ አለ።

«እስቲ ልየው፣ ልጄ» አሉ እማማ ኤሊ እየተንፏቀቁ። «እናንተ ስትገናኙ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። እኔ መሬት ለመሬት ስሄድ ዕድሜዬን ያየሁት እግር ነው። የሰው ፊት አላውቅም፤ እግር ግን አውቃለሁ።»

ባቷን ያዙ። «ይህ ባት ነው፤ ተረከዝን ከመሬት ያነሳል፣ በጣት ያስቆማል። እንዴት ነው?»

«ሞቷል እማማ፣ ሞቷል፤ ቅበሩት!»

«ነፍስ ይማር!» አለ ከርከሮ።

ጭኗን ከፊት በኩል ያዙ። «ይህ የፊት ጭን ነው፤ የታጠፈ ጉልበት ይዘረጋል፣ ሲዘሉ ያስፈነጥራል። እንዴት ነው?»

«ሞቷል እማማ፣ ሞቷል፤ ቅበሩት!»

«ነፍስ ይማር!»

ከኋላ በኩል ያዙ። «ይህ ደግሞ የኋላው ነው፤ ከመቀመጫ ተነስቶ በቋንጃ ያልፋል፣ ጉልበት ያጥፋል። እንዴት ነው?»

«እሱማ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሞተው!»

«ነፍስ ይማር!» ከርከሮ አሁንስ ንፍጡ ወረደ።

እማማ ኤሊ ድንገት ባቷን ነከስ አደረጓት። ጦጢት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እግሯን ግን ንቅንቅ አላደረገችም። ይህችን ያህልማ ብልጥ ናት!

«አላመመሽም?»

«ኧረ ምንም!»

«ታዲያ እንባው ከየት መጣ?»

«ለሟቹ ነዋ የማለቅሰው!»

ጃርት አንገቷን ደፋች። ጦጢት አሸነፍኩ ብላ ልቧ ተደላደለ። ዳብሰውኛል፣ ነክሰውኛል፤ ከእንግዲህ ምን ቀራቸው? አለች።

«በቃ፣ ሟቹስ ሞቷል» አሉ እማማ ኤሊ። «የቀረውን እግር ደግሞ እንየው፤ እሱም እንዳይከተለው እሰጋለሁ። በጀርባሽ ተኝ።»

ጦጢት በጀርባዋ ተንጋለለች። እማማ ኤሊ ቀስ ብለው ሄደው ከሞተው እግር ተረከዝ ሥር ገቡ፤ ተረከዙም ጀርባቸው ላይ አረፈ።

«እዚያ ምን ያደርጋሉ፣ እማማ?»

«ሟች መሬት ላይ አይጣልም ብዬ ነው። ይልቅ ደኅናውን እግር፣ ጉልበቱን ሳታጥፊ ወደ ላይ አንሺው። አያ ከርከሮ፣ አንተ በአፍንጫህ ወደ ታች ተጫናት። ካሸነፈችህ ደኅናው እግር ደኅና ነው።»

ጦጢት ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ምን የሚዋሽ አለ? ደኅናው ደኅና ነው! ጥርሷን ነክሳ ቀኝ እግሯን አነሳች። ከርከሮ ተጫነ፤ እሷም ባሰባት፤ «እህ!» ብላ ባላት ጉልበት ሁሉ አነሳች። የከርከሮ አፍንጫ ወደ ላይ ተገፋ።

«አሸነፍኩህ!» ብላ ጮኸች።

ሁሉም ግን የሚያዩት ወደ ሞተው እግር ነው። ቀና ብላ ብታይ እማማ ኤሊ የሉም! የምንጩ ዳር ጭቃ ነውና፣ የሞተው እግር ተረከዝ ተጭኖ ተጭኖ አሮጊቷን እስከ አንገታቸው ቀብሯቸዋል።

«ኧረ አውጡኝ!» አሉ እማማ ኤሊ ጭቃ እየተፉ። «ቅበሩት ስትል ሟቹ ራሱ ቀበረኝ!»

ከርከሮ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ሟች... ይራገጣል እንዴ?» አለ።

«ልጄ» አሉ እማማ ኤሊ ከጭቃው ሲያወጧቸው፣ «ተጋድመሽ አንዱን እግር ወደ ላይ ስታነሺ፣ የሌላኛው እግር የመቀመጫ ጡንቻ ይወጠርና ተረከዙን ወደ መሬት ይጫናል። ካልተጫነ ወገብ መደገፊያ አያገኝም። ይህን ማንም አያዘውም፤ አንቺም አላዘዝሽውም። የሞተ እግር ቢሆን ጀርባዬ ላይ እንደ ጨርቅ ተኝቶ ይቀር ነበር።»

የጦጢት ምላስ ወዲህ ፈለገ፣ ወዲያ ፈለገ፤ በመጨረሻ አንድ ነገር አገኘ።

«ተአምር ነው! ዳነ! እጅዎ ይባረክ፣ እማማ!»

«እጄማ አላዳነሽም፤ የዳንሽው በጀርባዬ ነው» አሉ። «እንግዲህ ከዳነ አይቀር መድኃኒቱን ስሚ። ከሞት የተነሳ እግር ካልሠራ ይደርቃል። ለጭንሽ የጃርትን አገዳ መውጣት፤ ለባትሽ በጣትሽ ቆመሽ ራሱን መቀንጠስ፤ ለመቀመጫሽ ደግሞ ሸክም ይዘሽ ወደ ጃርት ቤት ዳገቱን መውጣት። ሲያልቅ ለአያ ከርከሮ የረገፈበትን ያህል ከጎተራሽ ትሰጪዋለሽ።»

ጦጢት ከርከሮን አየችው፤ ሊቆጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን እንባውን እየጠረገ፣ «እንኳን ተረፈልሽ!» አላት። ከንክሻው ይልቅ ይህ አመማት። አፍራ ተነሳች፣ የጃርትም ማሳ ገባች።

ያን ቀን ጦጢት ሠራች ነው የምላችሁ! ወጣች፣ ወረደች፣ ቀነጠሰች። ትንሽ ቀስ ስትል እማማ ኤሊ ከታች ሆነው፣ «ሟቹ ደኅና ነው?» ይሏታል። «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው!» ትልና ትፈጥናለች። የመጨረሻው ሸክም ጃርት ቤት ሲገባ ሰማዩ ጠቆረ፤ ግሪሳው ተሻገረ። ማሳው ላይ አርፎ ቢፈልግ ባዶ አገዳ ሆነበት፤ ተንጫጭቶ ተንጫጭቶ ሄደ።

ማታ ትንሿ ጃርት ከጥብሱ ማሽላ የመጀመሪያውን ለጦጢት ሰጠቻት። «እግርሽ አሁንም ያምሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«አሁን ገና ማመም ጀመረ» አለች ጦጢት ባቷን እያሸች። ይህን ስትናገር አልዋሸችም። እንደዚያ የጣፈጣት ማሽላ በልታ አታውቅም ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ጦጣ ድንጋይ ላይ ከመቀመጧ በፊት በእጇ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ ድንጋይ ነው ወይስ እማማ ኤሊ?

እኔ ተረቴን አስቀመጥኩ፤ እናንተ ተነሱ፣ ሥራ አለ። እግሬ ሞተ የሚል ካለ ወዲህ ይምጣ፣ በጀርባው ይተኛ። የዚያ አገር ሰዎች እንደሚሉት፦

ምላስ ውሸት ቢደረድር፣ ተረከዝ እውነት ይመሰክር።