ቦታህን ያዝ

«አንድ አሰልጣኝ ነበረ፤ ከእግሩ ጉሮሮው የበረታ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ጥያቄው ገና ከመጠየቁ።

ጋሽ ወንድይፍራው ድሮ ዳኛ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከሰፈሩ ሜዳ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ጨዋታ የሚያዩት። ጥያቄውን ያመጣው እንዳልክ ነው፣ የሰፈሩን ታዳጊዎች የሚያሰለጥነው። በረኛው ከልምምድ ቀርቶበታል። ባለፈው ጨዋታ ጎል ሊገባባቸው ሲል «ሞተህ መልስ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ኳሷን አልመለሰም። ጓንቱን አወለቀ፣ መሬት ላይ አስቀመጠና ሜዳውን ለቆ ሄደ።

«ጋሼ፣ ቃል እኮ ነው» ብሎ ነበር እንዳልክ። «አሰልጣኝ የተባለ ሁሉ የሚለው ነው። ወንድሙን በቅርቡ እንደቀበረ አውቃለሁ፣ ለቅሶም ደርሻለሁ። ግን እኔ ስለ ኳስ ነው ያወራሁት! ቃል ነፋስ አይደል እንዴ? ምን ያካብዳል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ቀጠሉ።

ይህ አሰልጣኝ ያልተቀጠረበት ክለብ የለም፤ ያልተባረረበትም የለም። ዕድሜው እየገፋ፣ ስልኩም ዝም እያለ ሲመጣ ከአንዲት ሩቅ ደሴት ጥሪ ደረሰው። ደሴቷ ትንሽ ናት። በአንዱ ዳር ያስነጠሰውን በሌላው ዳር ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ያም ሆኖ አገር ናት፤ ባንዲራ አላት፣ መዝሙር አላት። የጎደላት ብሔራዊ ቡድን ብቻ ነው። «ሥራልን» አሉት። እሱም «ይቺም ካመለጠችኝ መግቢያ የለኝም» ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

ተጫዋቾቹ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ጠዋት መረብ ሲጎትቱ አርፍደው ከሰዓት ኳስ ይጫወታሉ። ደረታቸው ሰፊ፣ ትንፋሻቸው ረጅም ነው። ሜዳ ላይ ግን ኳሷ በሄደችበት ሁሉ ግር ብለው ይነጉዳሉ፣ ቦታ የሚባል ነገር አያውቁም። ሜዳው ራሱ የባሕር ዳርቻ ነው። የግራው መስመር ባለቀበት ውኃው ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ጉም ከባሕሩ ይነሳና መጀመሪያ የግራውን ማዕዘን ይውጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሰዎቹ ይመጣል።

አሰልጣኙ ቋንቋቸውን አይችልም። ስለዚህ አምበሉን ጠራው። አምበሉ ወደብ ላይ ከመርከበኞች ቋንቋ የለቃቀመ፣ አፉ ከቀልድ የማይለይ ጎረምሳ ነው።

«በእናንተ አፍ ‹ቦታህን ያዝ› እንዴት ነው የሚባለው?»

የጎረምሳው ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «ኮች፣ ሌላ ቃል ብሰጥዎትስ?»

«እኔን የቸገረኝ ይሄ ነው።»

«‹ቁም› አለ። ‹ተመለስ› አለ። ካሻዎት የዓሣ አጥማጅ ስድብ አለ፤ እሱ ከሁሉም ቶሎ ይሰማል።»

«አንተ ልጅ፣ የጠየቅኩህን ስጠኝ!»

ሰጠው። አሰልጣኙም እንደ አዲስ ጥርስ በምላሱ እየነካካ ሲለማመደው አደረ።

በማግስቱ በዚያ ጉሮሮው ለቀቀው። «ቦታህን ያዝ!»

ሜዳው ቀጥ አለ። መረብ የሚጠግኑት ሴቶች ሳይቀሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ተጫዋቾቹ ግን ወደ እሱ አልዞሩም፤ ሁሉም ወደ ባሕሩ ነው ያዩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሄዶ በየቦታው ቆመ። አሰልጣኙ «ሰሙኝ!» ብሎ በደስታ ሞቀ። ከዚያን ቀን ወዲያ ቃሏ ከአፉ አልወረደችም።

አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። የግራ ክንፍ ላይ ያቆመው ሁሉ እዚያ አይረጋም። ጥቂት ቆይቶ ክንዱን እያሻሸ ወደ መሃል ይሸሻል።

«ግራው ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ክፍት አይደለም፣ ኮች» አለ አምበሉ ቀስ ብሎ።

አንድ ቀን ኳሷ ማንም ወደሌለበት ወደ ግራ ተንከባለለች። ቦታው ወደ ውኃው ቁልቁል ነው። መስመሩ ጋ ስትደርስ ግን ከጫማ ሥር እንደገባች ሁሉ ቀጥ አለች። ቆመች። ከዚያ ለስለስ ብላ ተመልሳ አምበሉ እግር ሥር ደረሰች።

«ነፋስ ነው» አለ አሰልጣኙ።

የማዕዘኑ ባንዲራ በእንጨቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ንቅንቅም አላለ።

ከዚያ በኋላ ማሸነፍ መጣ። ለግጥሚያ የሚመጣው ቡድን የቀኝ ተከላካይ ወደዚያ መስመር ጠጋ ሲል ፊቱ ይገረጣል፤ «ቀይሩኝ» ይላል። አምበሉ ኳሷን ሳያይ ወደ ግራ ይልካል፤ ኳሷም ተመልሳ ጎል የሚያስቆጥርበት ቦታ ላይ ትጠብቀዋለች። በየጨዋታው ማብቂያ ደግሞ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ማንም ያልለበሰው የግራ ክንፍ ማሊያ ውኃ ሲያንጠባጥብ ይገኛል። አንገትጌው ላይ ጨው ደርቆበታል። አሰልጣኙ ይህን አይቶ ማሊያውን ጨምቆ መልሶ ይሰቅለዋል። አይጠይቅም። የሚያሸንፍ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ደሴቷ ወደ ትልቁ ውድድር ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀራት አንዲት አሮጊት በሩን አንኳኩ። የአምበሉ እናት ናቸው። በዚያን ጊዜ የአሰልጣኙ ጆሮ ቋንቋውን መልመድ ጀምሯል።

«ልጄን የጠራኸው አንተ ነህ?»

«አምበሉን ነው? ልምምድ ላይ ነበር፣ እማማ…»

«ታላቁን ነው የምልህ። ባሕር የበላውን።»

አሰልጣኙ ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም።

«እኛ ዘንድ» አሉ፣ «ባሕር የወሰደው ሰው መቃብር የለውም። ስለዚህ ጀልባው ላይ መቀመጫው ይተውለታል። ዳር ቆመን ‹ቦታህን ያዝ› ብለን እንጠራዋለን። ይመጣል፤ ከዘመዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ ናፍቆቱ ይወጣለታል። ከዚያ የጠራው ሰው ራሱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ያሰናብተዋል። እኔ ልጄን ጠርቼ፣ አስቀምጬ፣ አሰናብቼው ነበር። ተኝቶልኝ ነበር። አንተ በየቀኑ ቀሰቀስከው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ስለ ኳስ…»

«ታናሹ አሁን ቤት አይበላም። ‹ከወንድሜ ጋር በላሁ› ይላል። እግሩ አይደርቅም፤ የረገጠው ወለል ሁሉ ውኃ ነው። አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ የምሰጠው የለኝም። አንተ ነህ የጠራኸው፣ አንተው አሰናብት። ቃሉ ይኸውልህ።» ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው አንዲት አጭር፣ ለስላሳ ቃል ሹክ አሉት።

አሰልጣኙ አመናቸው። ማመኑ ነው ደግሞ የከፋው፤ ባያምን ይሻል ነበር። ግራውን ካሰናበተ በምን ያሸንፋል?

«ከጨዋታው በኋላ፣ እማማ። አንድ ጨዋታ ብቻ። በእናቴ ሞት።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ባሕር ፊሽካ አይሰማም፣ ልጄ» ብለው ወጡ።

የጨዋታው ዕለት ደሴቷ በሙሉ ሜዳው ዳር ነበረች። ባዶ ለባዶ ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ መጣ። ኳሷ ወደ ግራ ሄደች፤ አምበሉ ተከተላት። ሳቁ ተሰማ። ከሳቁ ጎን ሌላ ሳቅ ተሰማ፣ ያንኑ የሚመስል፣ ትንሽ ጎርነን ያለ። መረብ ጠጋኞቹ ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ።

አምበሉ መስመሩን አለፈ። ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ። እየሮጠ ነው።

አሰልጣኙ ያን ጊዜ ጨዋታውን ረሳ። ትልቁን ውድድርም፣ እንጀራውንም። የሚታየው የልጁ ጀርባ ብቻ ነው። ሊመልሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። አፉ ውስጥ የነበረው ግን ያው የለመደው ነው።

«ቦታህን ያዝ!»

አምበሉ ሰማው። ዞረ። ትእዛዝ እንደተቀበለ ተጫዋች እጁን ከፍ አድርጎ «እሺ፣ ኮች» አለ። ከዚያም ቦታውን ሊይዝ ገባ። ጉሙ ተዘጋ።

አሰልጣኙ በጫማው ውኃው ውስጥ ገባ። የአሮጊቷን ቃል ፈለገ፤ በአንድ ጆሮው ገብታ በሌላው ወጥታለች። «ተመለስ» የምትባለውን ፈለገ፤ ልጁ ያን ጊዜ በነፃ ሲሰጠው ምን እንደምትባል እንኳ አልጠየቀም። በራሱ አገር ቋንቋ «ተመለስ! ተመለስ!» እያለ ጮኸ። ባሕሩ ያንን ቋንቋ አያውቅም። ቆይታ ኳሷ ብቻ ከጉሙ ወጣች፤ ለስለስ ብላ ተንከባልላ እግሩ ሥር ቆመች።

በማግስቱ ሕዝቡ ዳር ላይ ተሰበሰበ። ጀልባው ቀርቧል፤ መቀመጫ ተትቷል። ልጁ መጠራት አለበት፤ ካልተጠራ ከወንድሙ ጋር ሜዳ ለሜዳ ሲንከራተት ይኖራል። ሁሉም እናቲቱን አዩ። እናቲቱ አሰልጣኙን አዩ።

«አንተ ጥራልኝ» አሉት። «እኔ ሁለተኛ አቅም የለኝም። ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ አንተ ለምደኸዋል።»

አሰልጣኙ አፉን ከፈተ። ያ ስታዲየም ያናውጥ የነበረ ጉሮሮ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አላወጣም። ሕዝቡ እስኪመሽ ጠበቀው።

ጋሽ ወንድይፍራው ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ሜዳው ላይ ማንም የለም። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ እንዳልክ አዞሩ።

«አሰልጣኙ አንተ ነህ፣ ልጄ። ደሴቷ ደግሞ የበረኛህ ጆሮ ናት። ስለ ኳስ ነው ያወራሁት ያልከኝ እውነትህን ነው፤ እሱም እውነቱን ነበር። ግን ቃል ካፍ ከወጣ በኋላ የሰሚው ንብረት ነው። በአንተ አፍ ‹ሞት› ማለት ‹ጎበዝ› ማለት ነው። ወንድሙን አፈር ያለበሰ ልጅ ቤት ግን ሞት የዚያ ወንድም ስም ነው፤ ስትጠራው ይመጣል። የጠራኸው ራስህ ነህና ማንም አያሰናብትልህም።»

እንዳልክ ድንጋዩ ሥር ቁጢጥ አለ። «እሺ ጋሼ፣ ሄጄ ምን ልበለው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ልጁ እንደዚያ አምበል ሌላ ቃል ሲሰጥህ ተቀበል። ‹ተመለስ› በእነሱ ቤት ምን እንደሚባል እሱን ጠይቀው፤ ከነገረህም ዝም ብለህ ስማው። ደግሞ ከጨዋታው በኋላ እንዳትለኝ።»

እንዳልክ ተነሳ። እንደልማዱ ኳሷን በብብቱ ሊይዝ ሲል ሽማግሌው «እሷን እዚሁ ተዋት» አሉት። ኳሷን ድንጋዩ ሥር አስቀመጣት፤ ልጁ ጥሎት የሄደውን ጓንት አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እሱን ብቻ ይዞ ወደ ልጁ ቤት ወረደ።